የተያዘ አንደበት፣ ያመለጠ ቃል

ድምፅ በሌለው ፊልም ላይ ሰው መንተባተቡ በምን ይታወቃል? ሌላ ኮሜዲያን ቢሆን ጥያቄውን ትቶት ያልፍ ነበር። ሃሮልድ ሎይድ ግን በ1924 ሙሉ ፊልም ሠራበት። ፊልሙ «ገርል ሻይ» ይባላል፤ ሴት ሲያይ የሚያፍር፣ የሚፈራ ሰው ማለት ነው። ሎይድ አፉን ይከፍታል፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንገቱ ይገተራል፤ ጉንጩ ይነፋል፤ ቃሉ ግን አይወጣም። ተመልካቹ ምንም ሳይሰማ ቃሉ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ሲቀር በዓይኑ ያያል። መድኃኒቱም ያው ከድምፅ ዓለም የመጣ ነው። አንድ ሰው ፊሽካ ሲነፋ ያን ጊዜ አንደበቱ ይፈታል። ድምፅ በሌለው ፊልም የድምፅ ሕመም፣ ለዚያም የድምፅ መድኃኒት! ይህን የመረጠ ሰው ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል።

በዓመቱ፣ በ1925፣ በስተር ኪተን «ሰቨን ቻንስስ» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ «ሰባት ዕድሎች» እንበለው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውየው የጠየቀውን መልስ ካገኘ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፤ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ መከራ ታበላዋለች።

ሁለቱም ፊልሞች የሚያልቁት ወደ ሰርግ በሚደረግ ሩጫ ነው። ያያቸው ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰውም ሩጫውን ነው፤ አያስደንቅም፣ ሁለቱም በዘመኑ ከተቀረጹት ሩጫዎች ሁሉ የሚልቁ ናቸው። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ያመለጠኝን ነገር በዚህ ምዕራፍ ለማሳየት እፈልጋለሁ። ሩጫው ዕዳ መክፈያ ነው። ዕዳው የተገባው በፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ፣ በአንደበት ነው።

ከሎይድ እንጀምር። ሃሮልድ ሜዶውስ ሊትል ቤንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ልብስ ሰፊ ከሆነው አጎቱ ዘንድ ሙያ የሚማር ወጣት ነው። ደንበኛዋ ሴት ከሆነች አንድ ቃል አይወጣውም። ማታ ማታ ግን መጽሐፍ ይጽፋል፤ ርዕሱም «የፍቅር አያያዝ ምስጢር» ዓይነት ነው። አንዲት ሴት ቀና ብሎ አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ ዓለም ያወቃትን አማላይ ሴት በንቀት፣ ዘመናዊዋን ጉብል ደግሞ በጉልበት እንዴት እንደሚያሸንፍ በዝርዝር ያስረዳል። ፊልሙም እነዚህን ምዕራፎች እንደ ሕልም እያደረገ ያሳየናል፤ በሕልሙ ውስጥ ሃሮልድ ኮስታራና ልበ ሙሉ ነው። ብዕር አይንተባተብም። በዚህ የሚስቅ ሰው ካለ ይሳቅ፤ እኔ ግን ልጁን እረዳዋለሁ። በአፉ ያጣውን በወረቀት የፈለገ ሰው እርሱ ብቻ አይደለም።

ጽሑፉን ይዞ ሎስ አንጀለስ ወዳለ አሳታሚ ለመሄድ ባቡር ይሳፈራል። እዚያው ባቡር ላይ ሜሪ ባኪንግሃም የምትባል የሀብታም ልጅ ተሳፍራለች፤ ጆቢና ራልስተን ናት የምትጫወታት። ውሻ ይዛለች፤ ውሻ ማሳፈር ደግሞ ክልክል ነው። ሃሮልድ ውሻውን ከቲኬት ተቆጣጣሪው ለመደበቅ ያግዛታል፤ ውሻው በጮኸ ቁጥር እርሱ ያስላል። ልብ በሉ፤ ጩኸቱም ሳሉም በአዳራሹ ውስጥ አይሰሙም፤ ሁለቱንም የምናውቃቸው ከፊቱ ነው። ቀስ በቀስ ስለ መጽሐፉ ያወራላት ጀመር፤ ሳያስበው መንተባተቡ ጠፋ። ይህ ለውጥ በጽሑፍ አልተነገረንም። እያወራ፣ እርሷም ዓይኗን ሳትነቅል እየሰማችው፣ ባቡሩ መድረሻው ላይ ሲቆም ብቻ ነው እኛም እንደ እነርሱ የምንባንነው። የሎይድን ፊልሞች ሁሉ ከአናታቸው እስከ እግራቸው ብንፈትሽ እንደዚህች ትዕይንት የረቀቀ ነገር ብዙ አናገኝም።

አሳታሚው ቤት ግን መሳቂያ ሆነ። ጽሑፉ ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ እየዞረ ተሳቀበት። ሃሮልድ ባዶ እጁን ነው፤ ባዶ እጁን ሆኖ የሀብታም ልጅ ላግባ ማለት ሕሊናው አልፈቀደለትም። ስለዚህ ሜሪ ፊት ቆሞ ይዋሻል፦ ያ ሁሉ ጨዋታ፣ ያ ሁሉ ፍቅር ለመጽሐፉ የሚሆን ሙከራ ነበር ይላታል። እስቲ ይህን ቦታ ቆም ብለን እንየው። የዚህን ልጅ አንደበት የፈታችው እርሷ ናት፤ የተፈታውን አንደበት የተጠቀመበት እርሷን ለማቁሰል ሆነ። እውነቱን ለመናገር አፉ የሚያዝበት ሰው ውሸቱን ሳይደናቀፍ ተናገረው። ሜሪ አልቅሳ ሄደች፤ ከዚያም ስትሸሸው ለኖረችው ባለጸጋ እሺ አለች።

አሁን ዕዳው ገብቷል። የቀረው መክፈል ነው። አሳታሚው ሐሳቡን ለውጦ መጽሐፉን እንደ ቀልድ መጽሐፍ ሊያትመው ይወስናል፤ 3,000 ዶላር የተጻፈበት ቼክ በፖስታ ይልካል። ሃሮልድ ግን «አልተቀበልንም» የሚል ደብዳቤ የመጣለት መስሎት ሳያነብ ይቀደዋል። ቁርጥራጩ ቼክ መሆኑን ያየው አጎቱ ነው። አሁንም የተጻፈ ቃል፣ አሁንም በትክክል ያልተሰማ! በዚያው ላይ የሜሪ እጮኛ ቀድሞውኑ ሚስት ያለችው ሰው መሆኑ ይታወቃል። ሰርጉ ደግሞ ዛሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቃል መተረክ ይከብዳል። ሃሮልድ ባቡሩ ያመልጠዋል። መኪና ይለምናል፣ መኪና ይወስዳል፤ አንዱ ይበላሻል፣ ሌላው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይታጠፋል። በእሳት አደጋ መኪና ይንጠለጠላል። ትራም ይነዳል፤ ትራሙን ከኤሌክትሪክ ሽቦው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ሲላቀቅ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ዘንጉ ላይ ይንጠለጠላል። የፖሊስ ሞተር ሳይክል ይዞ ይሮጣል። በመጨረሻ ፈረስ። ሎይድ በ1919 ፎቶ ሲነሳ የመጫወቻ መስሎት የያዘው ቦምብ ፈንድቶ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና አመልካች ጣት ያጣ ሰው ነው፤ በፊልም ላይ ጉዳቱን በጓንት ይሸፍነዋል። ይህን እያወቁ ዘንጉን ጨብጦ ሲያዩት ነገሩ ሳቅ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህን ሩጫ ለሦስተኛ ጊዜ ሳየው ነው የገባኝ፤ ሩጫው ራሱ መንተባተብ ነው። ይነሳል፣ ይያዛል፤ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይያዛል። አንዱ መኪና እንደ አንድ ፊደል ነው፤ ጀመረ ሲባል ይሰናከላል፣ ሌላ ይተካል። የልጁ ጉሮሮ ውስጥ የነበረው ነገር ወጥቶ የሎስ አንጀለስን ጎዳና ሞላው። እናም ቤቱ ደርሶ፣ በሙሽራውና በሙሽሪት መካከል ቆሞ፣ «ይህ ሰው ሚስት አለው» ማለት ብቻ ሲቀረው አፉ ተያዘ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው አራት ቃል ሊናገር ነው፤ አራቱን ቃል አልቻላቸውም። ስለዚህ ሜሪን ተሸክሟት ወጣ። ውጭ ሆነው ታገቢኛለሽ ወይ ሊላት ሲሞክር አሁንም ያው ነው። በመንገዱ የሚያልፍ ፖስተኛ ፊሽካውን ሲነፋ ግን ቃሉ ወጣ።

ወደ ኪተን ስንመጣ ዓለሙ ይለወጣል። «ሰባት ዕድሎች» የተሠራው በ1916 ኒው ዮርክ ላይ ዴቪድ ቤላስኮ ካሳየው የመድረክ ተውኔት ነው፤ ደራሲው ሮይ ኩፐር ሜግሩ ነበር። የተውኔቱን መብት የገዛው የኪተን ፕሮዲውሰር ጆሴፍ ሼንክ እንጂ ኪተን ራሱ አልመረጠውም፤ ለብዙ ዓመትም አልወደደውም። እኔ በዚህ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ያልወደደውን ሸክም እንዴት የራሱ እንዳደረገው የሚያሳይ ፊልም ነው።

መክፈቻው በዘመኑ ብርቅ በነበረው በቀለም ፊልም የተቀረጸ ነው። ጂሚ ሻነን ሜሪ ጆንስን በቤቷ አጥር በር አጠገብ ቆሞ ያነጋግራታል። ሊነግራት ይፈልጋል፤ አይነግራትም። አበባው ይረግፋል፣ ቅጠሉ ይወይባል፣ በረዶ ይወርዳል፣ እንደገና ይለመልማል፤ አንድ ቡችላ አድጎ ትልቅ ውሻ ይሆናል፤ ጂሚ ግን አሁንም አልተናገረም። ሎይድ በሃያ ደቂቃ ያሳየንን ዓይነ አፋርነት ኪተን በአንድ አጥር በርና በአንድ ቡችላ ጨረሰው። (ያቺን የአጥር በር አትርሷት፤ ትመለሳለች።)

ጂሚና ሸሪኩ በማያውቁት ማጭበርበር ውስጥ ገብተው ሊከስሩ፣ ምናልባትም ሊታሰሩ ደርሰዋል። አንድ ጠበቃ ይፈልጋቸዋል፤ የክስ መጥሪያ ይዞ የመጣ መስሏቸው ይሸሹታል። ጠበቃው ግን የያዘው ኑዛዜ ነው። የጂሚ አያት 7 ሚሊዮን ዶላር ትተውለታል፤ በ27ኛ ዓመት ልደቱ ቀን እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካገባ። ቀኑ ዛሬ ነው።

ጂሚ ወደ ሜሪ ይበራል። ይጠይቃታል፤ እሺ ትለዋለች። ፊልሙ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ጂሚ ግን ያስረዳል። ለምን ዛሬ እንደሆነ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ዛሬ የግድ አንዲትን ሴት፣ የትኛዋንም ሴት፣ ማግባት እንዳለበት ይነግራታል። «የትኛዋንም ሴት!» ሜሪ ፊቷን አዞረች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል በእኛ አገር፤ የወጣ ቃል ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ነው፣ አይመለስም። ይህ ተረት ለጂሚ ምሳሌ ብቻ አይሆንለትም፤ ፊልሙ ሳያልቅ እውነተኛው አፋፍ ላይ ወጥቶ ሲንከባለል እናየዋለን።

እዚህ ላይ ነው የኪተን ሴራ የሚያስደንቀኝ። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የዚያች የአንዲት ዓረፍተ ነገር ማደግ ነው። ሸሪኩ ጂሚን ወደ ክለብ ይወስደዋል፤ እዚያ የሚያውቃቸው ሰባት ሴቶች አሉ፣ ሰባቱም እምቢ ይሉታል። አንዷ የጻፈላትን ወረቀት ቀዳ ቁርጥራጩን ትበትንበታለች። በደረጃው ከአንዷ ጋር እያወራ ይወጣል፣ ከሌላዋ ጋር እያወራ ይወርዳል። ባርኔጣ የምታስቀምጠው ልጅ ሳትጠየቅ ራሷን ነቅንቃ ትጨርሰዋለች። ተስፋ ሲቆርጥ ሸሪኩ ነገሩን በጋዜጣ ያወጣዋል፦ ማግባት የምትፈልግ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ትምጣ። መጡ። ቬሎ የለበሱ፣ መጋረጃ የተከናነቡ፣ በፈረስ፣ በትራም፣ ጎማ ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ፣ በመቶዎች መጡ። ጂሚ የፊት አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሲነቃ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሽሮች ተሞልቷል።

ተመልካቹ እነዚህን ሙሽሮች እንደ አደጋ ያያቸዋል። እኔ የጂሚ ቃል ናቸው እላለሁ። ለሜሪ «የትኛዋም ሴት ትሆነኛለች» አላት፤ ከተማው ያንን ቃል በቃል ተቀበለው። አንዲት ሴት በስሟ መጠራት ሲገባት «ማንኛዋም» ከተባለች፣ «ማንኛዋም» በሙሉ ተሰብስባ ትመጣለች። ቄሱ ወጥቶ የአንድ ቀልደኛ ሥራ ነው ሲል ሴቶቹ ተቆጡ፤ ያሳድዱት ጀመር። ቁጣቸው የፍትሕ ቁጣ ነው፤ ሜሪ በአትክልቱ ቦታ ብቻዋን የተቆጣችውን እነርሱ በመቶ ሆነው ተቆጡት።

ሜሪ በበኩሏ በእናቷ ምክር ልቧ ተመልሶ እሺታዋን በወረቀት ጽፋ ልካለች። መልእክተኛው ግን አይደርስም፤ ፈረሱ ያዘግማል። በአፍ የተነገረው ክፉ ቃል በጋዜጣ ሲበር፣ በወረቀት የተጻፈው ደግ ቃል በፈረስ ያዘግማል።

ስለዚህ መልእክተኛ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አንባቢዬን የካድሁ ያህል ይሰማኛል። የሜሪ ቤት አገልጋይ ሆኖ የሚጫወተው ነጭ ተዋናይ ነው፤ ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ ጥቁር ሰው መስሏል፤ ዝግመቱም የቀልዱ አካል ነው። ሌላም አለ፤ ጂሚ አንዲትን ሴት ከኋላዋ አይቶ ሊጠይቃት ይሄድና ጥቁር መሆኗን ሲያይ ዞሮ ይመለሳል፤ ያም ለሳቅ የቀረበ ነው። ሁለቱም ትዕይንቶች አስቀያሚ ናቸው። የዘመኑ የአሜሪካ መድረክና ፊልም በዚህ የተሞላ መሆኑ ትዕይንቶቹን አያነጻቸውም። ፊልሙን ከልጆቹ ጋር የሚያይ ሰው አስቀድሞ ይንገራቸው። እኔ ፊልሙን አልጣልኩትም፤ እነዚያን ደቂቃዎች ግን ሳልስቅ ነው የማያቸው።

ወደ ሩጫው እንመለስ። ሎይድ ያሳድዳል፤ ኪተን ይሳደዳል። ሎይድ የሚቸገረው የሚያደርሰው መጓጓዣ በማጣቱ ነው፤ ኪተን ግን ሁለት እግር አለው፣ በቂውም ነው። በመካከሉ ሰዓቱን ለማወቅ ሰዓት መሸጫ መስኮት ላይ ይቆማል፤ በመስኮቱ የተደረደሩት ሰዓቶች ሁሉ የተለያየ ጊዜ ያሳያሉ። ከኋላው የሙሽሮቹ ጎርፍ የግንብ አጥር እየናደ፣ እያንዳንዷ አንድ አንድ ጡብ እያነሳች ይመጣል። ቀድሞ በተቀረጸው ፊልም ነገሩ እዚህ አካባቢ በሩጫው ላይ ያልቅ ነበር። ለሙከራ ሲያሳዩት ግን ጂሚ ኮረብታ ሲወርድ ሳያውቅ የነካቸው ሦስት ትናንሽ ድንጋዮች ተከትለውት ሲንከባለሉ ሕዝቡ ሳቀ። ኪተን ወዲያው ገባው። ተመልሶ ከወረቀትና ከሽቦ ብዙ ድንጋይ አሠራ፤ ትንንሹም ከሰው የሚገዝፈውም ቋጥኝ አለበት። ከዚያ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ሁሉንም በራሱ ላይ ለቀቀው። ዛሬ ፊልሙ የሚታወቀው በዚያ ናዳ ነው። ሙሽሮቹን የበተናቸውም ናዳው ነው።

የመጨረሻዎቹን ትዕይንቶች ላነጻጽር። ሃሮልድ ደርሶ መናገር ሲያቅተው ሥራ ቃሉን ተካ። ጂሚ ደግሞ ሲደርስ የመጀመሪያዋ የአጥር በር ልብሱን ይዛው ነው፤ ነቅሎ፣ እየጎተታት ነው ወደ ቤት የገባው። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይናገር የቆመባት በር ናት፤ አሁን እርሱን ይዛ ትገባለች። የሸሪኩ ሰዓት ግን ጊዜው ማለፉን ያሳያል። ሜሪ ገንዘብ ቢኖርም ባይኖርም አገባሃለሁ ትለዋለች። ጂሚ ይህን ጊዜ እምቢ ይላል፤ በውርደቱ ሊያስገባት አይፈልግም። ሃሮልድ ፍቅሩን በውሸት ገፍቶ የተለየበትን ምክንያት ጂሚ በእውነት ተናገረው። ወጥቶ ቀና ሲል የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ገና ጥቂት ደቂቃ እንደቀረው ያያል፤ የሸሪኩ ሰዓት ቀድሞ ነበር። ተጋቡ።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ለሚለኝ ሰው መልሴ «ገርል ሻይ» ነው። ኪተን በጥበብ ይበልጣል፤ ከአንዲት ቃል አንድ ከተማ ሙሉ መከራ የሚሠራ እጅ ሌላ አላየሁም። ሃሮልድን ግን አውቀዋለሁ። ባቡሩ ላይ እያወራ መንተባተቡ የጠፋበትን ሰዓት የጂሚ ናዳ አይስተካከለውም።

አሜሪካ ውስጥ የ1924 ፊልም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020፣ የ1925ቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ሆነዋል፤ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። በስክሪኑ ላይ የሚነበበው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናትና አባት፣ አያትም ካሉ፣ አብራችሁ ተቀመጡና ጽሑፉ ብቅ ባለ ቁጥር በአማርኛ አንብቡላቸው። መጀመሪያ «ገርል ሻይ»ን እዩ፤ ፖስተኛው ሲመጣ ግን ምንም አታንብቡ፣ ዝም ብላችሁ ፊታቸውን እዩ።